ለሥዕል የተላኩ ሽማግሌዎች

እሁድ ረፋድ ላይ ኮት የለበሱ ሦስት ሸምገል ያሉ ሰዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው አንድ ግቢ በር ላይ ከቆሙ፣ ዲላ ውስጥ ማንም «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠየቀው «ለማን ልጅ?» ነው። በአቶ ጓንጉል ግቢ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ሰፈሩ በማሰብ ጊዜ አላጠፋም። ሽማግሌዎቹ በሩን ገና ሳያንኳኩ ፊት ለፊት ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት በሙሽራዋ ፀጉር ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ፓይስትራ።

ባርኮት ከመኝታ ቤቷ መስኮት አየቻቸው። ከፊት የቆሙት አቶ ወልደዮሐንስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ አባቷ በእድር ስብሰባ ላይ ሳያቋርጡ የሚያዳምጧቸው ብቸኛ ሰው። ከጎናቸው ከቡሌ ድረስ የመጡት ጋሽ ገመቹ። ሦስተኛውን አላወቀቻቸውም፤ ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ብቻ የመጡ ይመስሉ ነበር።

ጋሽ ገመቹ የኢዮስያስ አጎት ናቸው። ባርኮት እሳቸውን ስታይ የመስኮቱን ብረት ያዘች።

«ላከ» አለች ለራሷ። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ኢዮስያስ ሠዓሊ ነው። ከቡሌ ብርድ ወርዶ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። ቤተሰቡ እንሰትና ገብስ የሚያበቅሉ፣ እሁድ ሲሆን ጸሎት ቤታቸው የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ጴንጤዎች ናቸው። አቶ ጓንጉል በበኩላቸው በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው በቡና የከበሩ፣ ጾም የማያጎድሉ ነጋዴ ናቸው። ሠዓሊ የሚባል ሰው መኖሩን ያውቃሉ፤ ሥዕል ሥራ መሆኑን ግን እስካሁን ያሳመናቸው የለም። ከቡሌ ዲላ ያለው መንገድ አስቸጋሪ ነው ይባላል። ከኢዮስያስ ክፍል እስከ አቶ ጓንጉል ሳሎን ያለው ግን ገና አልተጠረገም።

የልጆቹ ፍቅር የጀመረው በዋጋ ክርክር ነበር። ባርኮት ለጓደኛዋ ሠርግ ሥዕል ልትገዛ ሄዳ ዋጋ ብትጠይቀው፣ የሸራውንና የቀለሙን ወጪ ደምሮ ነገራት። ሰው ሁሉ ቀንስ ሲለው የኖረ ልጅ ስለሆነ ቀድሞ ቀንሶ መጠበቅ ለምዶ ነበር። እሷ ግን ማርኬቲንግ ተምራ በአባቷ ሱቅ የምትሠራ ናት፤ ተቆጣችው። «ሸራማ ከሱቅ እገዛለሁ። እጅህስ? ዓይንህስ? የነሱ ዋጋ ስንት ነው?» አለችው። የዓይኑን ዋጋ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ ሲያያት ደግሞ ዓይኑ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሱ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር ተከራከሩ። ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበል ብሩሽ እንዳያነሣ አስማለችው። «ሥራው ስምህን ያስተዋውቅልሃል» ብሎ በነጻ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመው፣ «ስሜን እናቴ ቀድማ አስተዋውቃልኛለች» ብሎ እንዲመልስ አለማመደችው። ሥዕሎቹን ከመሸጡ በፊት በጥሩ ካሜራ አስነሥቶ፣ ትንንሽ ቅጂ አሳትሞ፣ ቡና ለማየት ወደ ሬኮና ወደ ገደብ ለሚያልፉ እንግዶች በሆቴሎች እንዲሸጥ አደረገች። ቅዳሜ ልጆችን ሥዕል ማስተማሩ የቤት ኪራዩን ቻለ። «ሥዕል ላም ናት፤ አትረዳት፣ እለባት» ትለዋለች። «አንቺ ፍቅረኛዬ ነሽ ወይስ የከብት ሐኪም?» ይላታል እየሳቀ።

ሽማግሌ ስለመላክ ስታነሣበት ግን ሳቁ ይጠፋል። ትንሽ ታገሺኝ ይላታል። ታገሠች። እነሆ ዛሬ ትዕግሥቷ ኮት ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

እናቷ ወይዘሮ አሰፋች በሩን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው ተቀመጡ ቢባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ባርኮት ሳሎኑንና ጓዳውን ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ሆና ጆሮዋን አቀናች።

አቶ ጓንጉል ለዚህ ቀን ሲዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዶቹ ቃል ሳይተነፍሱ ቀድመው ጀመሩ። ልጃቸው ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር እንደሆነ፣ የእምነት ነገር ቀላል አለመሆኑን፣ ቤታቸው ግን ለእንግዳ ሁሉ ክፍት እንደሆነ በአክብሮት፣ በርዝመትም አስረዱ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስተኛውን ሳል ያዛቸው።

«አቶ ጓንጉል» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ በመጨረሻ፣ የጎበዝ ተማሪን ስህተት በሚያርሙበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ስለ ልጅዎ አይደለም የመጣነው። ስለ ሥዕሉ ነው።»

ሥዕሉን ዲላ ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ጓንጉል በዋናው መንገድ ዳር ቡና ቆልተው የሚሸጡበትን ሱቅ ሲከፍቱ፣ ኢዮስያስን ጠርተው ግድግዳውን አስውብልኝ ብለውት ነበር። እሱም እንሰት ሥር ቆማ፣ የቀላ ቡና የሞላ ቅርጫት ታቅፋ፣ ወደ መንገዱ ዞር ብላ የምታይ ሴት ሣለ። ለግድግዳው ተከፈለው። ከዚያ ወደ ሞያሌ የሚወርዱ መንገደኞች መኪና እያቆሙ ከሴትየዋ ጋር ፎቶ መነሣት ጀመሩ። አቶ ጓንጉልም ነጋዴ ናቸውና ስልካቸውን አውጥተው እሳቸውም አነሷት። ቀጥሎ ያየቻት ባርኮት ናት፤ አዲስ አበባ ታትሞ በመጣ የቡና ከረጢት ላይ። ሠዓሊው ይጠየቅ ብላ አባቷን ብትለምን፣ ለግድግዳው ከፍዬዋለሁ አሏት። እያፈረች ከረጢቱን ወስዳ ለኢዮስያስ አሳየችው። የሣላት ሰው ስም የለበትም። ኢዮስያስ አገላብጦ አየና ዝም አለ። ባርኮትም ዝምታውን ይቅርታ አድርጋ ወሰደችው።

ዝምታው ይቅርታ አልነበረም። አቶ ወልደዮሐንስ ቆመው እንዳስረዱት፣ ልጁ መክሰስ ይችል ነበር፤ ግን የተከበረ ሰው በመጥሪያ ከሚጠራ በሽማግሌ ቢጠየቅ ይሻላል ብሎ ነው። የሚፈልገውም ስሙ ከረጢቱ ላይ እንዲጻፍና ከሚሸጠው እንዲካፈል ነው።

አቶ ጓንጉል መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ቀጥሎ ከላያቸው ላይ ትልቅ ሸክም የወረደላቸው ያህል ሶፋው ላይ ተዘረጉ።

«ለሥዕል ሽማግሌ?» አሉና ሳቁ። «ግድግዳው የኔ። የቀለሙን የከፈልኩ እኔ። ሴትየዋ ራሷ እኮ እኔ ግድግዳ ላይ ነው የምትኖረው። እንዲያውም የቤት ኪራይ አልጠየቅኋት።»

ከጓዳ የወይዘሮ አሰፋች «ተመስገን» ተሰማ። አቶ ጓንጉል ቢስቁም አቶ ወልደዮሐንስን ባዶ እጃቸውን መመለስ አልፈለጉምና፣ በሚመጣው እሁድ ሠዓሊውን ራሱን ይዛችሁት ኑ ብለው ሸኟቸው።

ባርኮት ከመጋረጃው ኋላ አልተንቀሳቀሰችም። ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት በሦስት ሽማግሌ ተጠይቃለች። መጋረጃ ኋላ ያለችውን ግን የጠየቃት የለም።

*

ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ ክፍል ደረሰች። ክፍሉ የቀለምና የእርጥብ እንጨት ሽታ ይሸታል። ኢዮስያስ ሸራ እየወጠረ ነበር፤ ሲያያት ፊቱ በራ፣ ወንበሩን ከዕቃ አጸዳላት። አልተቀመጠችም።

«ምነው ቆምሽ?»

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

ቀልድ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። በመስኮት ያየችውን፣ የመሰላትን፣ መጋረጃው ኋላ የሰማችውን ነገረችው። ስትናገር ድምጿ አልተሰበረም፤ እሱን የሰበረውም ይኸው ነበር። ቤተሰቧ እንዲህ ይተረጉመዋል ብሎ እንዳላሰበ ነገራት። በዲላ እሁድ ሽማግሌ ልኮ ይህን አለማሰብ የሠዓሊ ሥራ እንደሆነ እሷ ነገረችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ኖሮ ያንቺም እጅ አለበት ይባል ነበር። ልጁ ነሽ፣ ሱቁ ውስጥ ትሠሪያለሽ። ከአባትሽ ጋር ላጣላሽ አልፈለግኩም።»

«ስለዚህ ለግድግዳ ሽማግሌ ትልካለህ፤ እኔን ታገሺ ትለኛለህ።»

ኢዮስያስ እጆቹን አየ። ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም ነበር።

«ባርኪ» አላት፣ «አንቺን አስቀድሜ ብጠይቅ ሥዕሉን ዳግመኛ መጠየቅ አልችልም። አማቹን የሚያስከፍል ሰው አለ ወይ ይባላል። ከዚያ ሁለተኛውን ሱቅ አስውብ ይመጣል፣ ካላንደር ሣል ይመጣል፣ የአጎትሽን ልጅ ምረቃ ሣል ይመጣል፤ ሁሉም በዝምድና። ዕድሜ ልኬን የጓንጉል ቤት ቀለም ቀቢ እሆናለሁ፣ አንቺም የቀለም ቀቢው ሚስት። መጀመሪያ እንደ ባለሙያ እዚያ ቤት ገብቼ ልውጣ። ከዚያ ለሙሽርነቱ እመለሳለሁ።»

«አባዬ እኮ በሥዕሉ ከተረታ ተቀይሞ እኔን አይሰጥህም። አንተ ከተረታህ ደግሞ ንቆ አይሰጥህም።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለታችንንም ልታጣ ትችላለህ። ሥዕሉንም እኔንም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ምን ይመስልሻል?»

ባርኮት ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ የተናገረው ሁሉ ከእሷ አፍ የወጣ ነው። እሷ ናት ሥራህን በዝምድና አትስጥ ያለችው። እሷ ናት መጀመሪያ ውል፣ ከዚያ ብሩሽ ያለችው። በሌላ ሰው ላይ ሲሠራበት ስታይ የምትኮራበት ትምህርት ዛሬ ዞሮ እሷ ላይ ደርሷል።

«በደንብ ነው ያስተማርኩህ» አለችው።

«በደንብ ነው ያስተማርሽኝ።»

ባጃጅ ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ አላለቀሰችም። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ታለቅስ ነበር። ያቃጠላት ልክ መሆኑ ነው።

*

ሳምንቱን ሙሉ ኢዮስያስ በስልክ ይጽፍላታል፤ ታነባለች፣ አትመልስም። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ግድግዳው ላይ ያለችውን ሴት በግልምጫ ታያታለች። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ዞር ብላ መንገዱን ታያለች። ከግድግዳ ጋር መኳረፍ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ኢዮስያስ በመንገዱ ማዶ አለፈ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበረ፣ አባቷም ነበሩ። ቆም ብሎ ያየው ሥዕሉን አልነበረም፤ እሷን ነው። ባርኮት እጇ ላይ ያለውን ቡና ሁለት ጊዜ መዘነችው። አቶ ጓንጉል ልጃቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ደግመው ልጃቸውን አዩ።

ፀጉር ቤቱ በበኩሉ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሥዕል ነው የመጡት ሲባል አንድም ሰው አላመነም። ሥዕሉ ሰበብ ነው፣ ልጁና ልጅቷ ድሮ ጨርሰዋል፣ አባትየው ናቸው የቀሩት ተብሎ ተወሰነ። ሐሜት በዲላ ከሚኒባስ ይፈጥናል፤ ወሬው አቶ ጓንጉል ጆሮ ሲደርስ እሳቸው የራሳቸውን ዓይን ማመን ጀምረው ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ባርኮት ዓይኗን አልሰበረችም። ያኔ የሰማሁት እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ለእሷም መልስ መስጠት አላስፈለጋትም። በመካከላቸው የተቀመጠው ሽሮ ቀዘቀዘ፣ የእሷ ፊት ግን እንደጋለ ነበር።

*

በቀጠሮው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ኢዮስያስ ከኋላቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ የእጁ ቀለም ግን አልለቀቀም። ጉዳዩ አንዴ ተሰምቷልና ዛሬ ሁሉም ተቀመጡ። ባርኮት ያው መጋረጃዋ ኋላ ነበረች።

ጋሽ ገመቹ ጀመሩ። ልጅነታቸውን በጌዴኦኛ የጨረሱ ስለሆኑ አማርኛቸው ለወንድና ለሴት አያዳላም። «እኛ አገር ቀፎ በሰው ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ዛፉ የባለቤቱ ናት። ማሩ የሰቀለው ሰው ነው። ባለዛፉ ትቀምሳለች፣ ማንም ቅር አይለውም» አሉ።

«እኔስ ቀመስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«እርስዎማ ቀፎውን ተሸክመው ነው አዲስ አበባ የሄዱት።»

አቶ ጓንጉል ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ የገበያ ሰው የመጨረሻውን ዋጋ ሊናገር ሲል እንደሚሆነው ሆነ። ወደ ኢዮስያስ ዞሩ።

«ሰው የሚያወራውን ሰምቻለሁ። ዓይኔም አይቷል። ልጄን ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገር አናርዝም። እናቷን እኔ እለምናለሁ፣ የእምነቱንም መላ እንፈልግለታለን። ልጄን እሰጥሃለሁ። አንተ ደግሞ የሥዕሉን ነገር ተው። በአማቾች መካከል ምን ክፍያ አለ? ሥዕሏ ጥሎሽህ ትሁን።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ፤ ምሳ ሰዓት እየቀረበ ነበር። አቶ ወልደዮሐንስ መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሽ ገመቹ የእህታቸውን ልጅ አዩት። የሚመልሰው እሱ ብቻ ነበር።

ኢዮስያስ ያችን ሴት በሚሥልበት ወራት የዝናብ ጠብታ ስንት ጊዜ እንዳጠበበት፣ ስንት ጊዜ እንደገና እንደጀመራት አስታወሰ። ሥዕል እንደገና ይሣላል አለ በልቡ። ሌላ ግድግዳ አለ። ባርኮት ግን ሌላ የለችም። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ካላንደርና ምረቃም አየው፤ ተቀበለው። ለእሷ ሲሆን ቀለም ቀቢ መባልም ይቻላል። አፉን ከፈተ።

«ጋሼ፣ እኔ...»

መጋረጃው ተገለጠ።

«እሺ ካለ አላገባውም» አለች ባርኮት።

ሴት ልጅ ስለ ራሷ በሚነገርበት ሳሎን ውስጥ ድንገት አትቆምም። ወይዘሮ አሰፋች ከኋላዋ ቀሚሷን ያዙ፤ ባርኮት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትሄድ ቀሚሱ ከእጃቸው አመለጠ።

«አባዬ፣ እኔ ምራቂ አይደለሁም። ከረጢት ለሚገዛ ተጨምሬ የምሰጥ አይደለሁም። ይህ ሰው ዛሬ ለእኔ ብሎ ሥራውን ከተወ፣ ነገ ሥራ ለሌለው ባል ነው የምትድረኝ። ሲከፋው ለአንቺ ብዬ ነው የተውኩት ይለኛል፤ እውነቱንም ነው። እንዲህ አድርገህ አትስጠኝ።» ከዚያ ወደ ኢዮስያስ ዞረች። ሳምንቱን ሙሉ ያልመለሰችለት መልስ ሁሉ ዓይኗ ውስጥ ነበር። «አንተም ጊዜው እስኪደርስ ታገሺኝ ያልከኝ ለዚህ ከሆነ፣ ገና ልታገሥህ እችላለሁ። ተዋርደህ ግን አትውሰደኝ።»

ኢዮስያስ ተነሣ። በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉም የደኸየው እሱ ነበር፤ እሷን ሲያይ ግን የሚጎድለው ነገር ጠፋበት።

«ጋሼ፣ እሺ ልል ነበር» አለ። «አልዋሽዎትም፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ግን አልልም። ሥዕሉ ዋጋ አለው። ልጅዎ በዋጋ አትተመንም። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ አላስቀምጥም።»

የአቶ ጓንጉል ፊት ቀላ። ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ማነው ይህን ያስተማረሽ?»

«አንተ። ዘመድ ቡና በነጻ ሊወስድ ሲመጣ እንዴት አድርገህ እንደምትመልሰው እያየሁ ነው ያደግኩት።»

አቶ ወልደዮሐንስ መነጽራቸውን እንደገና አደረጉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በደንብ መታየት አለበት። አቶ ጓንጉል ሊቆጡ አየር ሳቡ። ያኔ መጋረጃው በር ላይ የቀሩት ወይዘሮ አሰፋች፣ ይህን ጋብቻ ከማንም በላይ የጠሉት ሴት፣ ተናገሩ።

«አባቴ እኔን ሲድሩልህ፣ ሱቁን ጠብቅ፣ ለአማች ምን ደሞዝ አለው አሉህ። ጠበቅክ። ጓዳ ገብተህ ምን ትለኝ እንደነበር ለእንግዶቹ ልንገራቸው?»

«አትንገሪያቸው» አሉ አቶ ጓንጉል ፈጥነው።

«ቂሙ እኮ አባቴ እስኪያርፉ አልለቀቀህም። ተዝካራቸው ላይ እንኳ ታነሣው ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በጴንጤነቱ ላይ እኔ ገና አልጨረስኩም። ልጁን ግን ክፈለው።»

አቶ ጓንጉል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ወርዶ ነበር፤ ለኢዮስያስ ብቻ የሚናገሩ ይመስላሉ።

«እኔም ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ» አሉ። «እምቢ ብል አይሰጡኝም ብዬ ፈራሁ።» ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፣ ቀለም የያዘ እጁን አዩ። «አንተ አልፈራህም?»

«ፈርቻለሁ ጋሼ። አሁንም እፈራለሁ።»

«ተቀመጥ እሺ። ምን ያህል ነው የምትለው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባርኮት ቆማ አየችው፤ ማንም ወደ ጓዳ ተመለሺ አላላትም። አባቷ ስሙን በከረጢቱ ጀርባ እናድርገው አሉ፤ ኢዮስያስ በፊት ለፊት አለ። ከተሸጠው ከረጢት ሁሉ የሚደርሰውን ሲናገር አባቷ ጭንቅላታቸውን ይዘው አቃሰቱ፤ እሱ ማቃሰቱ እስኪያልቅ ጠብቆ ያንኑ ደገመው። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ሴትየዋን በቡና ፈንታ ማር ላይ ቢፈልጓት እንደገና ይጠይቁታል። ግድግዳው ከነሥዕሉ የእሳቸው ነው፤ መንገደኛም እንዳሻው ፎቶ ይነሣ። አቶ ጓንጉል በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ሰማይን አስመሰከሩ። ባርኮት አባቷን ታውቃቸዋለች። የናቁትን ሰው ቶሎ ብለው እሺ ብለው ይሸኙታል። እንዲህ እየማሉና እየተገዘቱ የሚከራከሩት እኩያቸው ከሆነ ነጋዴ ጋር ብቻ ነው። ኢዮስያስ አንዲትም አልቀነሰም። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ የአባቷ መዳፍ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረ፤ አይተው አልጠረጉትም።

ደረቷ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ የነበረው ነገር ተፈታ። ኩራት ይሁን ፍቅር መለየት አቃታት፤ ሁለቱም በአንድ በር ይገቡ ነበር።

ጋሽ ገመቹ ከሶፋው ተነሡ። አቶ ወልደዮሐንስም ተነሡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ምሳ መስሏቸው ተነሡ።

«ይሄኛው ጉዳይ አለቀች» አሉ ጋሽ ገመቹ። «አሁን ሌላ አለን። ልጁ ይውጣ። ስለ ሚስቱ ሲለመን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ወንድ የለም።»

«ልጅቷም ትውጣ» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። «እሷን አስቀምጠን የምንናገረው የለንም፤ ሁሉንም ጨርሳዋለች።»

ኢዮስያስ በግቢው በር ወጥቶ ካፊያ ላይ ቆመ። ባርኮት ወደ ጓዳ መሄድ ነበረባት። መጋረጃው ጋ ቆማ የሚባባሉትን ሰማችና ዞራ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አልፋ ወጣች። ማንም አላስቆማትም።

ኢዮስያስ ድምጿን ሲሰማ ደነገጠ። እስካሁን የተገናኙት ሁሉ በስርቆት ነበር፤ እሷ በር በሩን እያየች፣ እሱ ሰዓቱን እያየ። አሁን አስፋልቱ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ባጃጆች በሚያልፉበት ቦታ ፊቱ ቆማለች።

«ምን እያሉ ነው?» አላት።

«እማዬ ስለ ጥምቀት ጀምራለች። እስክትጨርስ ይመሻል።»

«አባትሽስ?»

ባርኮት መልሱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሳቅ ነው ለቅሶ ነው የያዛት አላወቀችም። «ከዘመድ ልምከርበት፣ ቀጠሮ ልስጣችሁ አላቸው።»

በዚህ አገር እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። እምቢ ያኔውኑ ነው የሚባለው። ቀጠሮ የሚሰጠው ለወግ፣ ሴት ልጅ እንዳትረክስ ነው፤ ይህን የማያውቅ ከጌዴኦ እስከ ጎጃም የለም። ኢዮስያስም ያውቃል። አውቆም እንደማያውቅ ሰው ደግሞ ጠየቃት፣ እሷም ደግማ ነገረችው፣ ሦስተኛም ጠየቃት።

«ሰው እያየን ነው» አላት በመጨረሻ።

«ይየን» አለች።

እጁን ያዘችው። ደስታ ቀላል ነገር ይመስላት ነበር፤ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ብቻዋን ልትሸከመው አልቻለችምና ትከሻው ላይ ተደግፋ፣ ግማሹን ለእሱ ሰጠችው።